ልጃችሁ ዌስት ፖይንት ወይም አናፖሊስ ልግባ ካለ፦ ከ9ኛ ክፍል እስከ መግቢያው ቀን

ልጃችሁ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሶ «ዌስት ፖይንት ማመልከት እፈልጋለሁ» ቢላችሁ ልባችሁ ድንግጥ ማለቱ አይቀርም። የብሔራዊ ውትድርናን አፈሳ ላየ ወላጅ «ወታደር» የሚለው ቃል ሌላ ነገር ያስታውሳል። ልጁ የሚያወራው ግን ስለ ምልመላ ጣቢያ አይደለም። የሚያወራው በአራት ዓመት የባችለር ዲግሪና የመኮንንነት ማዕረግ ስለሚሰጥ፣ አሜሪካ ውስጥ ለመግባት ከሚያስቸግሩት ስለ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሐረር ጦር አካዳሚን የሚያስታውሱ አባቶች ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል።

አካዳሚዎቹ አምስት ናቸው፦ በኒውዮርክ የሚገኘው የምድር ጦሩ ዌስት ፖይንት፣ በሜሪላንድ አናፖሊስ የባሕር ኃይሉ፣ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ የአየር ኃይሉ፣ በኮነቲከት ኒው ለንደን የኮስት ጋርዱ፣ እንዲሁም በኒውዮርክ ኪንግስ ፖይንት የመርቸንት ማሪኑ (የንግድ መርከቦች መኮንኖች የሚሠለጥኑበት)። ማሪን ኮር የራሱ አካዳሚ የለውም፤ ማሪን መሆን የሚፈልግ ልጅ ዋናው በሩ አናፖሊስ ነው። ሴቶች ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ (በመርቸንት ማሪኑ ከ1974) እኩል ይገባሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ትምህርቱ፣ መኝታው፣ ምግቡና ሕክምናው ነፃ ነው፤ በየወሩም መጠነኛ ደመወዝ አለ፣ ምንም እንኳ መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ለደንብ ልብስና ለኮምፒውተር ተቆራጭ ቢሆንም። ዋጋው የሚከፈለው በአገልግሎት ነው። ከምረቃ በኋላ ቢያንስ አምስት ዓመት በሙሉ ጊዜ ማገልገል ግዴታ ነው፤ አብራሪ የሚሆን ደግሞ ከዚያ በላይ ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ልጁ «አልቻልኩም» ብሎ ቢወጣ ዕዳ የለበትም። ግዴታው የሚጸናው ሦስተኛው ዓመት ሲጀመር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚለቅ ወይ በተራ ወታደርነት እንዲያገለግል ወይ ገንዘቡን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል። «ነፃ ትምህርት ስለሆነ ግባ» ብላችሁ ከመግፋታችሁ በፊት ይህን ከልጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት።

ሦስት መንገድ በአንድ ጊዜ

ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት ይህን እንደ አንድ የኮሌጅ ማመልከቻ ሲያዩት ነው። ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ የሚይዟቸውም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንደኛው የአካዳሚው የራሱ ፋይል ነው፦ ውጤት፣ የመምህራን ምስክርነት፣ ድርሰት፣ የአካል ብቃት ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ። ሁለተኛው ኖሚኔሽን የሚባለው፣ ከኮንግረስ አባል የሚገኘው እጩነት ነው። ሦስተኛው የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ የጤና ምርመራ ነው። አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ሁለቱ ሙሉ ቢሆኑም ልጁ አይገባም። አንዱ እስኪያልቅ ሌላውን መጠበቅም አያስፈልግም፤ የጠበቀ ጊዜው ያልቅበታል።

ማመልከቻው ነፃ ነው። ኖሚኔሽንም አይሸጥም። «በገንዘብ አስጨርሳለሁ» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ስልኩን ዝጉበት።

ከዚህ በታች ወሮቹን በፈረንጅ ስማቸው የምንጽፈው ሆን ብለን ነው። በዚህ ጉዳይ በሁለት የቀን አቆጣጠር መኖር ብዙ ያሳስታል፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ከሁሉ በፊት፦ ዜግነትና ወረቀት

አመልካቹ በሚገባበት ዓመት ጁላይ 1 ላይ 17 ዓመት የሞላው፣ 23ኛ የልደት ቀኑን ያላለፈ፣ ያላገባ፣ የሚያሳድገው ልጅ የሌለው መሆን አለበት። እስከ መግቢያው ቀን ድረስም የአሜሪካ ዜጋ መሆን ግዴታ ነው። ግሪን ካርድ አይበቃም። (መርቸንት ማሪን በዕድሜ ትንሽ ይለሰልሳል፤ እስከ 25 ይቀበላል።)

የእኛ ቤተሰቦች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ልጁ ግሪን ካርድ ኖሮት፣ ዕድሜው ከ18 በታች ሆኖ፣ ዜግነት ካገኘው ወላጅ ጋር በሕጋዊ አሳዳጊነት አሜሪካ ውስጥ አብሮ እየኖረ ከሆነ፣ ወላጁ ቃለ መሐላ በፈጸመበት ቀን ልጁም በራሱ ዜጋ ይሆናል። ችግሩ ቆጠራው ላይ ነው። በዲቪ የመጣ ወላጅ ለማመልከት አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ልጁ ሲመጣ 11 ዓመቱ ከነበረ አምስቱ ዓመት ሲሞላ 16 ይሆናል፤ ይደርሳል። ሲመጣ 12 ተኩል ከነበረ 17 ተኩል ይሆናል፤ የቀረው ስድስት ወር ነው። የኤን-400 ቅጽ (የዜግነት ማመልከቻው) አምስት ዓመት ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ማስገባት ይቻላልና እንዲህ ያለ ቤተሰብ አንድ ቀን ማባከን የለበትም። መሐላው ከልጁ 18ኛ የልደት ቀን በኋላ ከዋለ ግን ልጁ አብሮ አያልፍም፤ የራሱን ኤን-400 ያስገባል፣ የራሱን ፈተና ይፈተናል። ያም መንገድ ነው፤ የአንድ ዓመት መዘግየት ማለት ሊሆን ግን ይችላል።

ልጁ በእናንተ በኩል ዜጋ ከሆነ ማስረጃ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ፓስፖርት ይበቃል፤ የዜግነት ሰርተፊኬት (ኤን-600) ከማውጣትም ይረክሳል፣ ይፈጥናልም። በጉዲፈቻ ለመጣ ልጅም ያው ነው፦ ፓስፖርቱ በእጅ ይኑር።

ቀጥሎ ስም። በእኛ ልማድ የልጁ የመጨረሻ ስም የአባቱ ስም ነው፣ የአባት የመጨረሻ ስም ደግሞ የአያት ነው። ስለዚህ ልጁ በፓስፖርት በአባቱ ስም፣ በትምህርት ቤት በአያቱ ስም ተመዝግቦ ይገኛል። ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍም ፊደሉ ከወረቀት ወረቀት ይለያያል። ፓስፖርቱን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱንና የትምህርት ቤቱን ትራንስክሪፕት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ልዩነት ካለ ቢቻል በ9ኛ ወይም በ10ኛ ክፍል አስተካክሉ። የኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው) ምዝገባም ልክ በዚያው ስም ይሁን፤ ካልሆነ ውጤቱ ከፋይሉ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

የልደት ቀኑም እንዲሁ። የኢትዮጵያው ዓመተ ምሕረት ሳይለወጥ እንዳለ የተጻፈበት የክትባት ካርድ ወይም የትምህርት ማስረጃ ልጁን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። የአማርኛ ሰነድ ሁሉ ተተርጉሞ፣ ተርጓሚው ትርጉሙ ትክክል መሆኑን በፊርማው ያረጋገጠበት ይሁን።

አንድ ማስታወሻ ደብተርም ክፈቱ። ልጁ የኖረባቸውን አድራሻዎች፣ ከአገር የወጣበትንና የተመለሰበትን ቀን፣ በውጭ አገር ያሉ የቅርብ ዘመዶችን ሙሉ ስምና አገር መዝግቡ። መኮንን የሚሆን ሰው የደኅንነት ማጣሪያ ያልፋል፣ እነዚህንም ይጠየቃል። አዲስ አበባ አያት መኖር ጥፋት አይደለም፤ መደበቅ ግን ጥፋት ነው።

9ኛና 10ኛ ክፍል

የሚበዛው ሥራ የትምህርት ምርጫ ነው። ሒሳብ አራቱንም ዓመት፣ ቢያንስ እስከ ፕሪካልኩለስ፣ ቢቻል ካልኩለስ፤ እንግሊዝኛ አራት ዓመት፤ ኬሚስትሪ ከላብ ጋር፤ ፊዚክስ፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት የውጭ ቋንቋ። አካዳሚዎቹ በመጀመሪያው ዓመት ካልኩለስና ኬሚስትሪ ሁሉንም ያስተምራሉ፣ ታሪክ የሚያጠናውንም ጭምር። ስለዚህ ቀላል ትምህርት መርጦ ያገኘው «ኤ» ብዙም አያስደንቃቸውም፤ ከባዱን መርጦ «ቢ» ያመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ይበልጥባቸዋል። የትምህርት ቤቱን ካውንስለር ቶሎ አግኙና ልጁ አካዳሚ እንደሚያስብ ንገሩት። ብዙ ካውንስለሮች እንዲህ ያለ ተማሪ በዓመት አንድም አይገጥማቸውም፤ ስለዚህ ቀኖቹን ያውቋቸዋል ብላችሁ አትመኩ።

ዌስት ፖይንት አመልካቹን ሲመዝን 60 በመቶውን ለትምህርት፣ 30 በመቶውን ለመሪነት፣ 10 በመቶውን ለአካል ብቃት ይሰጣል። «መሪነት» ሲባል የግድ የቡድን ካፒቴን መሆን አይደለም። የጄአርኦቲሲ (በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጥ ወታደራዊ ትምህርት) ተማሪነት፣ ስካውት፣ ሲቪል ኤር ፓትሮል፣ የተማሪዎች ምክር ቤት ሁሉ ይቆጠራሉ። የእኛ ልጆች ግን ብዙ ጊዜ ያላቸውን ሳያውቁት ይተዉታል። ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መስጊድ ውስጥ ሕፃናትን ማስተማር፣ የማኅበረሰቡን የእግር ኳስ ቡድን ማሠልጠን፣ እናት በማታ ፈረቃ ስትሠራ ታናናሾችን መያዝ፣ ለአያት ሐኪም ቤት ማስተርጎም፣ በሳምንት 15 ሰዓት ሱቅ ውስጥ መሥራት፤ ይህ ሁሉ ኃላፊነት ነው። ሲጻፍ ግን በቁጥር ይጻፍ። «በቤተ ክርስቲያን አገለግላለሁ» የሚለው ለአንባቢው ባዶ ነው። ስንት ልጆች፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ለስንት ዓመት፣ ልጁ ከመጣ በኋላ ምን ተለወጠ? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በወር አንድ ጊዜ ይመዝግበው፤ በ12ኛ ክፍል ማስታወስ አይቻልም።

ስፖርት ይግባ። የቡድን ስፖርት ቢሆን ይመረጣል።

ዋናም ይማር። ይህን ለብቻው የምናነሳው ብዙ ወላጅ ስለማያስበው ነው። አናፖሊስም ዌስት ፖይንትም ዋና የትምህርቱ ክፍል ነው፤ አናፖሊስ ላይ ከ10 ሜትር ከፍታ ወደ ውኃ መዝለልም አለበት። ውኃ የሚፈራ ልጅ ገብቶ በዚያ ምክንያት ሊሰቃይ ይችላል። የካውንቲው መዋኛ ወይም ዋይኤምሲኤ የአንድ ሰመር ትምህርት ይበቃል፤ ግባችሁ ልጁ ሳያርፍ 200 ሜትር እንዲዋኝ ይሁን።

11ኛ ክፍል፣ የሚወስነው ዓመት

ጃንዋሪ ላይ ሥራው ይጀመራል። የአካዳሚዎቹ የመጀመሪያ ቅጽ የሚከፈተው እንደየአካዳሚው ከዚህ ወር እስከ ማርች ድረስ ነው። አጭር ነው፤ ልጁ መሠረታዊውን መስፈርት ማሟላቱን ለማየት የሚጠቅም። በዚያው ሰሞን ለሰመር ፕሮግራሞቻቸው ያመልክት፦ ዌስት ፖይንት፣ አናፖሊስና አየር ኃይሉ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል መካከል ባለው ሰመር አንድ ሳምንት ገደማ የሚቆይ ቆይታ አላቸው። መመረጥ ለመግባት ዋስትና አይደለም፣ አለመመረጥም ውድቀት አይደለም። ትልቁ ጥቅሙ ልጁ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ሲጮኽበት ይህን ኑሮ እንደሚፈልገው ወይም እንደማይፈልገው ማወቁ ነው። «አልፈልግም» ብሎ ከተመለሰ ገንዘባችሁን በከንቱ አላወጣችሁም።

ኤስኤቲ ወይም ኤሲቲ በዚህ ፀደይ ይጀምር፣ እስከ 12ኛ ክፍል መጸውም ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይውሰድ። አካዳሚዎቹ ከየፈተናው የተሻለውን ክፍል ለይተው ስለሚያዋህዱ መደጋገም አይጎዳም። ሒሳቡ የበለጠ ይታያል። ገቢያቸው አነስተኛ የሆኑ ቤተሰቦች ካውንስለሩን የክፍያ ነፃ ፈቃድ ይጠይቁ።

መምህራንም አሁን ይመረጡ። የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህራን ምስክርነት ያስፈልጋል፤ ዌስት ፖይንት የሳይንስና የስፖርት መምህርም ይጨምራል። ልጁ ራሱ ሄዶ ይጠይቅ፣ በአካል፣ ከሰመር እረፍት በፊት።

ኖሚኔሽን

ከኮስት ጋርድ በቀር አራቱም አካዳሚዎች ኖሚኔሽን ይፈልጋሉ። ልጁ ከአንድ በላይ ቦታ ያመለክታል፦ ለሁለቱ የስቴቱ ሴናተሮች፣ ለዲስትሪክቱ የምክር ቤት አባልና (ከመርቸንት ማሪን በቀር) ለምክትል ፕሬዚዳንቱ። ዲሲ የሚኖሩ ቤተሰቦች ሴናተር የላቸውም፤ የዲሲ ተወካይ ግን መሰየም ትችላለች። ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ትምህርት ቤቱ ዲሲ ከሆነ የሚቆጠረው ቤቱ ነው። ጄአርኦቲሲ ላይ ያለ ልጅ በዚያ በኩልም ሊሰየም ይችላል። ወላጁ ቢያንስ ስምንት ዓመት ሳያቋርጥ አገልግሎ አሁንም በመደበኛ ሠራዊት ውስጥ ያለ ወይም ከሠራዊቱ በጡረታ የወጣ ከሆነ ደግሞ የፕሬዚዳንቱ ኖሚኔሽን አለ።

ቁጥሩን መረዳት ይጠቅማል። ከመርቸንት ማሪን በቀር አንድ የኮንግረስ አባል በአንድ አካዳሚ በአንድ ጊዜ ሊኖሩት የሚችሉት አምስት ተማሪዎች ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ በየዓመቱ የሚከፈትለት ቦታ አንድ ገደማ ነው። ለዚያ ቦታ ብዙ ልጆችን ይሰይማል፣ አካዳሚው ይመርጣል። ያልተመረጠው ግን ወዲያው አልወደቀም፤ ብቁ ሆኖ ከተገኘ በአገር አቀፍ ዝርዝር ገብቶ ሊጠራ ይችላል። ምክትል ፕሬዚዳንቱም በየአካዳሚው የሚኖራቸው ቦታ አምስት ብቻ፣ አመልካቹም ከመላው አገሪቱ ስለሆነ ያንን ብቻ አምኖ መቀመጥ አይገባም።

ቅጾቹ የሚከፈቱት በ11ኛ ክፍል ፀደይ ነው። የየቢሮው መዝጊያ ቀን ይለያያል፤ አንዱ ሴፕቴምበር ላይ ይዘጋል፣ ሌላው ኖቬምበር ይቆያል። ልጁ በአፕሪል ለየቢሮው ይደውል፣ የአካዳሚ ኖሚኔሽን የሚይዘውን ሠራተኛ ስም ጠይቆ ይጻፍ፣ አራቱንም ቀን በአንድ ወረቀት ፍሪጅ ላይ ይለጥፍ። ደዋዩ ልጁ ይሁን። ቢሮዎቹ ወላጅ ሲደውል ያስተውላሉ፤ ለአባትየው በትሕትና ይመልሱና ልጁ ራሱን ችሎ ይሆን ብለው ይጠራጠራሉ። የእናንተ ሥራ ወረቀትና ቀን መያዝ ነው፤ ስልኩና አፉ የልጁ ነው።

ቃለ መጠይቁ በአብዛኛው ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ሰው የተቀመጠበት ቡድን፣ ብዙዎቹ ጡረተኛ መኮንኖችና የአካዳሚው ምሩቃን፣ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ይጠይቁታል። ለምን አካዳሚ? ለምን አርኦቲሲ (በመደበኛ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ የመኮንንነት ሥልጠና) አይደለም? ካልገባህ ምን ታደርጋለህ? መቼ ወድቀህ ታውቃለህ? ሰሞኑን ከዓለም ዜና ምን ተከታተልክ? «ቤተሰቦቼ ስለሚፈልጉ» ወይም «ነፃ ስለሆነ» የሚለው መልስ እዚያው ይዘጋዋል።

እኛ በጨዋነት ያሳደግናቸው ልጆች እዚህ ላይ ይጎዳሉ። በትልቅ ሰው ፊት አንገት መድፋት ለእኛ አክብሮት ነው፤ ለዚያ ጠረጴዛ ግን በራስ አለመተማመን ይመስላል። የሠሩትንም «እኛ» እያሉ ያካፍሉታል፣ ጠያቂው ደግሞ «አንተስ?» ይላል። ዓይን ለዓይን እያየ፣ «እኔ ይህን ወሰንኩ፣ ይህ ሆነ» ማለትን ቢያንስ አራት ጊዜ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይለማመድ። አጎት አይሆንም፤ አጎት ይራራል። አሠልጣኙን ወይም የጄአርኦቲሲ መምህሩን ይጠይቅ። በቀኑ ሙሉ ልብስ፣ የተወለወለ ጫማ፣ 20 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ። እናንተ መኪና ውስጥ ጠብቁ።

የአካዳሚው የራሱ ቃለ መጠይቅ ከዚህ የተለየ ነው። የሚያደርገውም በየአካባቢው ያለ ወኪል ነው፤ አናፖሊስ ብሉ ኤንድ ጎልድ ኦፊሰር፣ አየር ኃይሉ ሊያዞን ኦፊሰር ይለዋል። ይህ ሰው ለወራት የልጁ መንገድ መሪ ስለሚሆን ኢሜይሉን በ24 ሰዓት ውስጥ መመለስ ልማዱ ይሁን።

የአካል ብቃት ፈተናው

ፈተናው ስድስት ክፍል ያለው፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ በተከታታይ የሚሠራ ሆኖ ለዓመታት ቆይቷል፦ ተንበርክኮ የቅርጫት ኳስ መወርወር፣ ፑል አፕ፣ የመመላለስ ሩጫ፣ የአንድ ደቂቃ ሲት አፕ፣ የአንድ ደቂቃ ፑሽ አፕ፣ የአንድ ማይል ሩጫ። ሙሉ ነጥብ ሲያሰጥ የቆየው ለወንድ 18 ፑል አፕ፣ 75 ፑሽ አፕ፣ 95 ሲት አፕ፣ ማይል በ5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው፤ ለሴት 7 ፑል አፕ፣ 50 ፑሽ አፕ፣ 95 ሲት አፕ፣ ማይል በ6 ደቂቃ። ልጁ በሚያመለክትበት ዓመት የወጣውን መመሪያ ከአካዳሚው ገጽ አትሞ ይያዝ፤ ፈታኙም በእሱ ይመራ። ፈታኙ የስፖርት መምህር፣ አሠልጣኝ ወይም መኮንን ይሆናል፤ ወላጅ አይፈትንም።

የእግር ኳስ ልጆቻችን ማይሉን ይሮጡታል፤ የሚጥላቸው ፑል አፕ ነው። አንድም መሥራት የማይችል ልጅ ወንበር ላይ ቆሞ አገጩን ከብረቱ በላይ ያድርግና በአምስት ሰከንድ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ አምስት ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ሦስትና አራት የሚችል ደግሞ በር ላይ የሚገጠም ብረት ገዝታችሁለት በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ከሚችለው ግማሹን ብቻ ይሥራ። እስኪደክም መሥራት ክርን ያሳምማል እንጂ ቁጥር አይጨምርም። እጁ ሙሉ በሙሉ ካልተዘረጋ ወይም በእግሩ ከተወዛወዘ አይቆጠርለትም።

ለማይሉ በሳምንት አንድ ቀን 400 ሜትር ስድስት ጊዜ፣ በመካከሉ 90 ሰከንድ እረፍት። ግቡ 6 ደቂቃ ከሆነ እያንዳንዱ ዙር 90 ሰከንድ፣ 5 ደቂቃ ከ20 ከሆነ 80 ሰከንድ ነው። ብዙዎች የመጀመሪያውን ዙር ይበሩበትና ሦስተኛው ላይ ይቃጠላሉ። ማይሉ የሚመጣው ከአምስቱ በኋላ መሆኑንም አትርሱ፤ ስለዚህ ስድስቱን በተከታታይ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ይሞክር። የቅርጫት ኳሱ ውርወራ ቀልድ ይመስላል፣ ነገር ግን ያልተለማመደው ልጅ ኳሱን ወደ ላይ ብቻ ይሰድደዋል።

የሚጾም ልጅ ካላችሁ ፈተናውን ከነቢያት ጾም በፊት፣ ሴፕቴምበር ወይም ኦክቶበር ላይ ያስቀጥር፤ በረመዳንም ቀን አይያዝ። ቀድሞ መሥራት ውጤቱ ካላማረ ለመጠገንም ጊዜ ይሰጣል። ለአየር ኃይሉ የሚያስብ ደግሞ አካዳሚው ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማ ላይ መሆኑን ይወቅ፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አይተናነስም፣ ለሜሪላንድ ሳንባ ግን ይከብዳል።

የጤና ምርመራው

ምርመራውን የሚያስተዳድረው ዶድመርብ የሚባለው የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ቦርድ ነው። ልጁ ረዘም ያለ የጤና ታሪክ መጠይቅ ይሞላል፣ ቀጥሎ በአካባቢው ሐኪምና የዓይን ሐኪም ዘንድ ይላካል፤ ለምርመራው አትከፍሉም። ውጤቱ ብቁ፣ ብቁ ያልሆነ፣ ወይም ተጨማሪ ሰነድ ይቅረብ የሚል ነው። «ብቁ አይደለም» ቢልም አላበቃም። አካዳሚው ልጁን ከፈለገው ዌቨር የተባለውን ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል፤ እያንዳንዱ አካዳሚም ለብቻው ስለሚወስን አንዱ የከለከለውን ሌላው ሊያሳልፍ ይችላል።

የሚያስቸግሩት እነዚህ ናቸው፦ ከ13ኛ ዓመት በኋላ የተመዘገበ አስም፣ ከባድ የምግብ አለርጂ፣ የትኩረት ማነስ መድኃኒት፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምና፣ የቀለም መለየት ችግር። ስለዚህ ከ12ኛ ክፍል በፊት ባለው ሰመር የልጁን የሕክምና መዝገብ በሙሉ አስወጥታችሁ አንብቡ። አንድ ክረምት በጉንፋን ምክንያት ኢንሃለር የሰጠው ሐኪም «አስም» ብሎ ጽፎ ከሆነ አሁን የሳንባ ምርመራ ተደርጎ ቢጣራ ይሻላል። የጥርስ ሽቦ ያደረገ ልጅ ከመግባቱ በፊት ማውለቅ አለበት። የዓይን ሌዘር ማሠራት ያሰበ ደግሞ የአካዳሚውን መስፈርት ሳይጠይቅ አይቸኩል።

ሁለት ነገር የእኛ ብቻ ናቸው። ኢትዮጵያ የተወለደ ልጅ በሕፃንነቱ የቢሲጂ ክትባት ስለሚወስድ የቆዳው የቲቢ ምርመራ በሐሰት «አለበት» ሊል ይችላል፤ የደም ምርመራው እንዲደረግለት ጠይቁ። በእርግጥ የተደበቀ ቲቢ ከተገኘና ሕክምናውን ከጨረሰ ደግሞ የጨረሰበትን ሰነድ ያዙ። ሁለተኛው፦ በልጅነቱ እንጥሉን የተቆረጠ ልጅ ጉሮሮው ሲታይ ይታወቃል፤ ቀዶ ሕክምናን የሚጠይቀው ጥያቄ ላይ «አዎ» ብሎ በአጭሩ ያስረዳ።

በመጠይቁ ላይ መዋሸት ከበሽታው የከፋ ነው። የአካዳሚዎቹ የክብር ሕግ የሚጀምረው «አይዋሽም» ከሚለው ነው፤ በኋላ የተገኘ ውሸት ከትምህርቱ ያስወጣል። ማሪዋና በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ለአዋቂ የተፈቀደ ቢሆንም በፌደራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ልጁም በሽንት ይመረመራል። ጫትም በፌደራል ሕግ ያው ነው፤ በቤት ያለ ነገር ስለሆነ ልጁ ተራ ነገር አድርጎ እንዳያየው ንገሩት።

12ኛ ክፍልና ከዚያ በኋላ

ፋይሉ የሚዘጋው እንደየአካዳሚው ከዲሴምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ነው። ቢሆንም ልጁ እስከ ኖቬምበር ቢጨርስ ይሻላል፤ ቀድሞ የሞላ ፋይል ቀድሞ ይታያል፣ የጎደለ ወረቀት ቢኖርም ለማሟላት ጊዜ ይኖራል። በየሳምንቱ እሑድ ማታ አንድ ጊዜ የማመልከቻ ገጹን ከፍቶ ምን እንደደረሰ፣ ምን እንደጎደለ ይይ። «ልኬአለሁ» ማለትና «ደርሷል» ማለት አንድ አይደሉም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው የአንዲት መምህርት ቅጽ ነው።

ልጁ ከ18 በታች ከሆነ የእናንተም ፊርማ ያስፈልጋል። ከሁለታችሁ አንዱ የማይስማማ ከሆነ ጉዳዩን በ11ኛ ክፍል ጨርሱት እንጂ የመቀበያው ደብዳቤ ሲመጣ አይነሳ።

ከሚያመለክቱት የሚገቡት ከአስር አንድ ገደማ ናቸውና ሁለተኛ መንገድ ሳያዘጋጁ መቅረት ጅልነት ነው። ልጁ ለመደበኛ ዩኒቨርሲቲዎችም ያመልክት፣ ፋፍሳውንም (የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ቅጹን) ይሙላ፣ የአርኦቲሲ ስኮላርሺፕም ይጠይቅ። አርኦቲሲ ኖሚኔሽን አይፈልግም፤ ሲመረቅ የሚለብሰው የሁለተኛ መቶ አለቃ ማዕረግም ያው ነው፤ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በብዙ ቦታ ይሰጣል።

ሌላም በር አለ። የምድር ጦሩ፣ የባሕር ኃይሉና የአየር ኃይሉ አካዳሚዎች የአሥር ወር መሰናዶ ትምህርት ቤት አላቸው። ለእሱ በቀጥታ ማመልከት አይቻልም፤ ለአካዳሚው ያመለከተ፣ ተስፋ ያለው ግን በትምህርት ትንሽ የጎደለው ልጅ ይጠራበታል። እንግሊዝኛን ዘግይተው የጀመሩ ልጆች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይደርሳል፣ ወላጅም «ወደ ኋላ መለሱት» ብሎ ያዝናል። ተቀበሉት፤ መሰናዶውን በጥሩ ውጤት የጨረሰ አብዛኛውን ጊዜ በቀጣዩ ዓመት ይገባል። ምንም ካልመጣ ደግሞ አንድ ዓመት ኮሌጅ ገብቶ ካልኩለስና ኬሚስትሪ ወስዶ፣ ኖሚኔሽኑን እንደገና ጠይቆ ማመልከት ይችላል፤ በሁለተኛው ሙከራ የሚገቡ ጥቂት አይደሉም።

የተቀበሉት ልጅ በጁን መጨረሻ ወይም በጁላይ መጀመሪያ ይገባል። ከዚያ በፊት ያሉትን ሁለት ወራት በየቀኑ ይሩጥ፣ የታዘዘውን ጫማ እግሩ ላይ ያለስልሰው፤ አዲስ ጫማ ይዞ የገባ በሦስተኛው ቀን እግሩ ተልጦ ሰልፍ ይቆማል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስልክ ይወሰዳል፣ የምትገናኙት በፖስታ ደብዳቤ ነው። በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ፣ አድራሻው ብቻ በተሰጣችሁ መልክ ይጻፍ። ዳቦ ቆሎውን ግን ለጊዜው አቆዩት፤ በሰመሩ ሥልጠና ምግብ መላክ በአብዛኛው አይፈቀድም፣ የደረሰበትም ልጅ በጓደኞቹ ፊት ስሙ ይጠራል።